ሶፍትቦል ለጀመረች ልጅ፦ ከመወርወር እስከ መለጋት በቅደም ተከተል

ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጣች። ሶፍትቦል (እንደ ቤዝቦል የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) መጫወት ትፈልጋለች። ጓንት ገዛችሁ፣ ዱላ ገዛችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ወጣችሁ። ኳሱን ስትወረውሩላት ፊቷን አዞረች። ደግማችሁ ወረወራችሁ፤ ዱላዋ አየር ቀዘፈ። ከ20 ደቂቃ በኋላ እሷ ታለቅሳለች፣ እናንተ ተበሳጭታችኋል። በሦስተኛው ሳምንት ጓንቱ ጋራዥ ውስጥ አቧራ ይጠጣል።

አሜሪካ በምንኖር ወላጆች ዘንድ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። በእኔም ቤት ደርሷል። ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ ነው። እኛ ያደግነው ኳስ በእግር እየጠለዝን ነው። እግር ኳስ ከመሀል ቢጀመርም ችግር የለውም፤ ልጅ እየሮጠ ይለምደዋል። ሶፍትቦል ግን እንደዚያ አይደለም። አንዱ ደረጃ ሳይያዝ ወደ ሌላው ከታለፈ ልጅቷ የምትማረው ፍርሃት ነው።

ይህ መመሪያ ከ8 እስከ 12 ዓመት ላለች ጀማሪ ነው። የተጻፈው በቀኝ እጇ ለምትጠቀም ልጅ ስለሆነ ግራኝ ከሆነች ግራና ቀኙን ገልብጡት።

## ከመጀመራችሁ በፊት፦ ዕቃው

ዱላ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የቤዝቦል ዱላ ለሶፍትቦል አይሆንም። እኔ ሳላውቅ ገዝቼ የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ዳኛዋ መለሰችው፤ ልጄ በጓደኛዋ ዱላ ተጫወተች። ዱላው ላይ «ፋስትፒች» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። «ስሎውፒች» የሚለውም ለሌላ ጨዋታ ነው። ሊጉ የትኛው የማረጋገጫ ማህተም ያለበትን ዱላ እንደሚቀበል ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ርዝመቱን ለመለካት ዱላውን ከእግሯ ጎን መሬት ላይ አቁሙት። እጇን ዘና አድርጋ ስታወርድ መዳፏ የእጀታውን ጫፍ መንካት አለበት። ክብደቱን ለማወቅ ደግሞ በቀኝ እጇ ብቻ ወደ ጎን ዘርግታ ትያዘው። 20 ሴኮንድ ሳይሞላ ክንዷ ከወረደ ዱላው ከብዷል። «ታድግበታለች» ብላችሁ ትልቅ አትግዙ። ጫማ ቢሰፋት ካልሲ ይደረብበታል፤ የከበደ ዱላ ግን የተበላሸ አመታት ያስለምዳታል።

ጓንት። ጓንት የሚጠለቀው በማትወረውርበት እጅ ነው። በቀኝ የምትወረውር ልጅ ግራ እጇ ላይ ታጠልቃለች። ከ8 እስከ 10 ዓመት ላለች ልጅ 11 ወይም 11.5 ኢንች ይበቃል። አዲስ ጓንት ድርቅ ያለ ነው። ለማለስለስ ኳስ ውስጡ አስገብታችሁ በገመድ አስሩትና አሳድሩት፣ ቀን ቀን ደግሞ ተቀባበሉበት። ማይክሮዌቭ ወይም ምድጃ ውስጥ እንዳታስገቡት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል።

ኳስ። ስሙ ለስላሳ ቢልም ኳሱ ለስላሳ አይደለም። እስከ 10 ዓመት ላሉት ዙሪያው 11 ኢንች፣ ከዚያ በላይ 12 ኢንች ነው። መጀመሪያ ላይ ግን እሱን ተዉትና ያሳደገንን የካልሲ ኳስ ሥሩ። ያረጁ ካልሲዎችን አንዱን በአንዱ ውስጥ እየጠቀለላችሁ ጥብቅ አድርጉ፣ ላዩን በሰፊ ፕላስተር ጠቅልሉ። አሥር ያህል አዘጋጁ። ሳሎን ውስጥ ቢወረወር መስታወት አይሰብርም፣ ፊት ላይ ቢያርፍ አያሳምምም።

መከላከያ። የፊት ፍርግርግ ያለው ሄልሜት የግድ ነው። መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስ ስትለማመድ የምታደርገው የፊት ማስክም ግዙላት። ለእግሯ የእግር ኳስ ታኬታ ካላት ለጊዜው ይበቃታል።

## ደረጃ 1፦ መወርወር

መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ይህ ነው። መወርወር ያልቻለች ልጅ ከማንም ጋር መለማመድ አትችልም።

1. ኳሱን በጣቶቿ ትያዝ፤ ከመዳፏ ጋር አይጣበቅ። ሦስት ጣት ከላይ ስፌቱን አቋርጦ፣ አውራ ጣት ከታች። እጇ ትንሽ ከሆነ በአራት ጣት ትያዝ።
2. ቀኝ ጉልበቷን መሬት ላይ ታንበርክክ። ከ3 ሜትር ርቀት በእጅ አንጓዋ ብቻ ኳሱን ትልቀቅ። ይህን 10 ጊዜ።
3. እዚያው እንደተንበረከከች ክንዷን ወደ ኋላ ትውሰድና ትወርውር። ክርኗ ከትከሻዋ በታች እንዳይወርድ። 10 ጊዜ።
4. ትቁም። ግራ ትከሻዋ ወደ እናንተ ይዙር። በግራ እግሯ ወደ እናንተ ትርመድና ትወርውር። 6 ሜትር፣ 10 ጊዜ።
5. ከ10 ስድስቱ ደረታችሁ ላይ ሲደርሱ ብቻ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ።

ማንጎ በድንጋይ ያወረደ ሰው አወራወሩን ያውቀዋል። ፊት ለፊት ቆሞ የሚወረውር የለም፤ ጎኑን ሰጥቶ፣ እግሩን ሰንዝሮ ነው።

ኳሱ ወደ ላይ ከወጣ፦ ቶሎ እየለቀቀችው ነው። ወደ ደረጃ 1 ቁጥር 2 ተመለሱ።
በቀኝ እግሯ ከረመደች፦ መሬት ላይ በኖራ ወይም በቴፕ የግራ እግር ምልክት አድርጉ። እዚያ ላይ ካልረገጠች አትወረውርም።
ክርኗን ወይም ትከሻዋን ካመማት፦ በዚያ ቀን መወርወር አበቃ። «ትንሽ ነው፣ ይለቃታል» አትበሉ። ሕመሙ ከቀናት በኋላም ካለ ሐኪም ይያት።

## ደረጃ 2፦ መያዝ

ፍርሃት የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

1. ያለ ጓንት፣ በካልሲ ኳስ፣ ከ3 ሜትር። በሁለት እጅ ትያዝ።
2. ደንቡን አስተምሯት፦ ኳሱ ከወገብ በላይ ከመጣ ጣቶች ወደ ላይ፣ ከወገብ በታች ከመጣ ጣቶች ወደ ታች። ኳስ ሳትወረውሩ «ላይ!» «ታች!» እያላችሁ እጇን እንድትቀያይር አድርጉ።
3. አሁን ጓንት ታጥልቅ፤ ኳሱ ግን የካልሲው ይሁን።
4. ከዚያ የቴኒስ ኳስ። ከዚያ እውነተኛው።

ፊቷን ካዞረች አትቆጧት፤ ዓይኗን የሚጠብቅ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገችው። ወደ ካልሲ ኳስ ተመለሱና በቀለም ቁጥር ጻፉበት። ስትይዝ ቁጥሩን ትንገራችሁ። ቁጥሩን የምታነብ ልጅ ኳሱን እያየች ነው። ልጄን ከፍርሃቷ ያወጣት ይህ ነው፤ ሁለት ሳምንት ፈጅቷል።

## ደረጃ 3፦ መለጋት

ረጅሙ ሥራ ይህ ነው። በቂ ጊዜ ስጡት።

በኮሌጅ ሶፍትቦል ወርዋሪዋ የምትቆመው ከሆም ፕሌት (መቺዋ አጠገቡ ከምትቆምበት መሬት ላይ ያለ ሰሌዳ) 43 ጫማ (13.1 ሜትር) ርቃ ነው። ኳሱ በሰዓት 60 ማይል ከሄደ መቺዋ ያላት ጊዜ ግማሽ ሴኮንድ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት «ክርኔ የት ነው? እግሬስ?» ብላ የምታስብ ልጅ የለችም። ሰውነቷ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሰውነት የሚያውቀው ደግሞ በቆመ ኳስ ነው።

ኳስ የሚቀመጥበት የጎማ ጫፍ ያለው ቋሚ ዘንግ አለ፤ ልጆቹ «ቲ» ይሉታል። ልጃችሁ «እሱ የሕፃን ነው» ትላችኋለች። ኮሌጅ ያሉ ተጫዋቾች ዛሬም ከጨዋታ በፊት ቲ ላይ እንደሚመቱ ንገሯት።

ስለ ማይክ ካንድሪያም ንገሯት። ካንድሪያ የኳስ አመታትን በማስተማር ስሙ የሚነሳ የሶፍትቦል አሰልጣኝ ነው። መጀመሪያ የሁለት ዓመት ኮሌጅ በሆነው በሴንትራል አሪዞና ኮሌጅ አሰለጠነ። በ1986 አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ እስከ 2021 ቆየ። በዚያ ጊዜ 8 የአገር አቀፍ ዋንጫ አነሳ። የመጀመሪያው ግን የመጣው በ1991 ነው፤ በስድስተኛው የውድድር ዘመኑ ማለት ነው። በ2004 የአቴንስ ኦሊምፒክ ደግሞ የአሜሪካን ቡድን ይዞ ወርቅ ወሰደ። ቡድኑ በ9 ጨዋታ 51 ነጥብ አስቆጥሮ የተቆጠረበት 1 ብቻ ነበር። ይህን የምጽፈው ለወላጅም ነው። እሱ የመጀመሪያ ዋንጫውን ስድስት ዓመት ከጠበቀ እኛ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ስድስት ሳምንት መስጠት አያቅተንም።

### ሀ. ያለ ኳስ

1. አያያዝ። ዱላውን በጣቶቿ ትያዝ። ቀኝ እጅ ከላይ፣ ግራ ከታች። በር ስታንኳኳ የምትጠቀምባቸው የጣት አንጓዎች በሁለቱም እጅ በአንድ መስመር ይሁኑ። አጥብቃ አትጨብጥ።
2. አቋቋም። እግሮቿ ከትከሻዋ ትንሽ ሰፋ ይበሉ፣ ጉልበቷ እጥፍ ይበል። ሁለት ዓይኖቿ ወደ ወርዋሪዋ ይዩ። አንገቷን ሳታዞር በአንድ ዓይን ብቻ የምታይ ልጅ ብዙ ናት።
3. ክብደቷን ወደ ኋላ እግሯ ታድርግ፣ እጆቿ ወደ ኋላ ትከሻዋ ይጠጉ።
4. በፊት እግሯ አጭር እርምጃ ወደ ወርዋሪዋ። እጆቿ እዚያው ይቆዩ።
5. መጀመሪያ ዳሌዋ ይዙር፣ እጆቿ ይከተሉ። የኋላ እግሯ ተረከዝ ከመሬት ይነሳ፤ እንብርቷ ወደ ወርዋሪዋ ይዙር።

በገና ጨዋታ ሩር የለጋ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። በክንድ ብቻ የተመታ ሩር ሩቅ አይሄድም፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከዳሌ ነው። ካገራችሁ የምታስታውሱት ካለ አሳዩዋት።

አምስቱን እየቆጠራችሁ፣ ቀስ እያለች፣ 10 ጊዜ ታድርግ። ሦስት ቀን ይህን ብቻ።

### ለ. ቲ ላይ

ቲው የሚቆመው ሆም ፕሌት መሀል ላይ አይደለም። አብዛኛው ወላጅ እዚህ ይሳሳታል። እርምጃዋን ከጨረሰች በኋላ የፊት እግሯ ካረፈበት ትንሽ ቀደም ብሎ ይቁም። ኳስ የሚመታው ከሰውነት ፊት ነውና። ከፍታው ከጭኗ መሀል እስከ ቀበቶዋ።

1. ወደ መረብ 5 ምት በመካከለኛ ከፍታ።
2. 5 ምት ዝቅ አድርጋችሁ።
3. 5 ምት ቲውን ወደ እሷ አቅርባችሁና ትንሽ ወደ ፊት ገፍታችሁ።
4. 5 ምት ቲውን ከእሷ አርቃችሁና ትንሽ ወደ ኋላ መልሳችሁ።
5. በየአምስቱ መሀል አንድ ደቂቃ እረፍት።

በቀን 20 ጥሩ ምት ይበቃል። 100 የደከመ ምት ስህተትን ነው የሚያስለምደው። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ሦስት ሴኮንድ እንደጨረሰች ትቁም። ሚዛኗን ስታ ከወደቀች በጣም እያጠነከረች ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ዱላ ያነሳች ልጅ አጠገብ ማንም አይቁም። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካለ ዱላው ፈጽሞ በማይደርስበት ርቀት መስመር አስምሩና ከመስመሩ ውጭ አስቀምጧቸው። ሄልሜት ቲ ላይም ይደረጋል።

### ሐ. ስህተቱን ከኳሱ አንብቡት

ዱላው ቲውን እየመታ ከሆነ ወይም ኳሱ ወደ ሰማይ ከወጣ፦ የኋላ ትከሻዋ እየወረደ ነው። ቲውን እስከ ደረቷ ከፍ አድርጉት። እዚያ ላይ ትከሻ ጥሎ መምታት ያስቸግራል። ከ10 ምት በኋላ ወደ ቦታው መልሱት።

ኳሱ ሁልጊዜ መሬት ለመሬት ወደ ግራ ከሄደ፦ የእጅ አንጓዋ ቶሎ እየተገለበጠ ነው። ሁለተኛ ቲ ከፊት ለፊት አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ በተመሳሳይ መስመር አቁሙ። የመጀመሪያውን ኳስ መትታ ዱላዋ ሁለተኛውንም ይንካ።

ክንዷ ቶሎ ተዘርግቶ ዱላው ሰፊ ክብ ከሠራ፦ አጥር ፊት አቁሟት። ዱላውን እንብርቷ ላይ አስደግፋችሁ ጫፉ አጥሩን እስኪነካ ድረስ ትቅረብ። ከዚያ አጥሩን ሳትነካ ቀስ ብላ ትወዝውዝ። ከነካች እጆቿ ከሰውነቷ ርቀዋል።

የፊት እግሯ ከኳሱ ወደ ውጭ ከሸሸ፦ ይህ ፍርሃት ነው። ከተረከዟ ጀርባ ገመድ ዘርጉ፤ ገመዱን ሳትረግጥ ትምታ። ካልተሻላት ከኳሱ ፍጥነት ቀንሱ፣ ወይም ወደ ካልሲ ኳስ ተመለሱ።

በአንድ ቀን አንድ ስህተት ብቻ አርሙ። አራቱን በአንድ ላይ የነገርናት ልጅ አራቱንም ትረሳለች።

### መ. በሚንቀሳቀስ ኳስ

1. ከፊት ለፊቷ 4 ሜትር ርቃችሁ፣ መረብ ከለላ ይዛችሁ፣ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብላችሁ ወርውሩላት። መረብ ከሌላችሁ የካልሲ ኳስ ብቻ። እውነተኛ ኳስ ተመልሶ ሲመጣ ለመሸሽ ጊዜ አይኖራችሁም።
2. ኳሱን በደጋን አትስቀሉት። ቀጥ ብሎ ይሂድላት። ከፍ ብሎ የሚወርድ ኳስ ለጀማሪ ከባድ ነው።
3. ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አወራወር ወርውሩ፤ እጃችሁን ወደ ኋላ ስትወስዱ እሷም ክብደቷን ወደ ኋላ ታድርግ። «እኔ ወደ ኋላ፣ አንቺ ወደ ኋላ» በሏት።
4. ከ10 ኳስ 7 ስትነካ አንዳንዱን ሆን ብላችሁ ውጭ ወርውሩ። ለእያንዳንዱ ኳስ በልቧ «አዎ፣ አዎ» እያለች ትዘጋጅ፤ መጥፎ ከሆነ «አይ» ብላ ታቁም። «ቆይ፣ ቆይ» እያለች የምትጠብቅ ልጅ ሁልጊዜ ትዘገያለች።

## ደረጃ 4፦ መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስ

ማስኩ ይደረግ። እግሯን ሰፋ፣ ዳሌዋን ዝቅ፣ ጓንቱን መሬት ላይ ታድርግ። ጓንት ከታች ወደ ላይ ነው የሚነሳው፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጓንት ኳሱን በሥሩ ያሳልፈዋል። ሁለት እግሮቿና ጓንቷ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፣ ቀኝ እጇ ከጓንቱ በላይ ይክደን።

ከ5 ሜትር በእጅ አንከባሉላት። 10 ፊት ለፊት፣ 5 በቀኝ፣ 5 በግራ። ቆማ አትጠብቀው፤ ወደ ኳሱ ትሂድ። ኳሱ በእግሮቿ መሀል ካለፈ ጓንቷ ዘግይቶ ወርዷል ማለት ነው፤ ለአምስት ኳስ ጓንቷን አስቀድማ መሬት አስነክታ ትጠብቅ።

## ደረጃ 5፦ መሮጥ

ሁለት ነገር ብቻ። ኳስ መትታ ወደ አንደኛ ቤዝ (መቺዋ ሮጣ የምትረግጠው የመጀመሪያው ማረፊያ) ስትሮጥ ቤዙ ላይ አትቁም፤ ረግጣው ትለፍ። ከሆም ፕሌት እስከዚያ 60 ጫማ (18.3 ሜትር) ነው፤ ፍጥነቷን የምትቀንሰው ካለፈች በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ቤዝ ላይ ሳለች ኳሱ ከወርዋሪዋ እጅ ሳይወጣ እግሯን አታንሳ። በቤዝቦል አስቀድሞ መራቅ ይቻላል፤ እዚህ ግን «አውት» ተብላ ከሩጫው ትወጣለች። አንዳንድ የሕፃናት ሊግ ከዚህም የጠበቀ ደንብ ስላለው ጠይቁ።

## ስለ ፒቸርነት

«ፒቸር (ለመቺዋ ኳስ የምትወረውረው ወርዋሪ) መሆን እፈልጋለሁ» ካለች ደስ ይበላችሁ፤ ግን ራሳችሁ አታስተምሯት። ክንድ ሙሉ ክብ ዞሮ ከታች የሚወረወረው አወራወር ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። በተሳሳተ መንገድ ሲደጋገም ትከሻንና ጀርባን ይጎዳል። የሊጉን አሰልጣኝ የፒቸር አስተማሪ እንዲጠቁማችሁ ጠይቁ። የእናንተ ሥራ መቁጠርና ማሳረፍ ነው። ሁለት ቀን በተከታታይ ከወረወረች ሦስተኛውን ታርፍ። በ10 ዓመት ቡድን ርቀቱ 35 ጫማ፣ በ12 ዓመት 40 ጫማ ነው። ከዕድሜዋ በላይ ካለው ርቀት አታለማምዷት።

## የአንድ ቀን ልምምድ፣ 45 ደቂቃ

- 5 ደቂቃ ሶምሶማና ሰውነት ማፍታታት
- 10 ደቂቃ መወርወርና መያዝ
- 8 ደቂቃ መሬት ለመሬት
- 17 ደቂቃ መለጋት
- 5 ደቂቃ ሩጫ፣ ውኃ፣ ኳስ መልቀም (አብራችሁ ልቀሙ)

በሳምንት ሦስት ቀን። 45 ደቂቃ ሳይሞላ ከደከመች አቁሙ።

## ልምምዱን ወዲያው የምታቆሙበት ጊዜ

ጭንቅላቷን ከተመታች በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አትመለስም፤ «ደህና ነኝ» ብትልም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካላት በቀጥታ ወደ ሐኪም። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከሜዳው ውጡ፤ የብረቱ መቀመጫ ሥር ሳይሆን መኪና ወይም ቤት ውስጥ ግቡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

## የጨዋታ ቀን

በጨዋታ ቀን ማስተማር የለም። ከአጥሩ ጀርባ «ክርንሽን! እግርሽን!» ብላችሁ አትጩሁ። አሰልጣኟ አንድ ነገር፣ እናንተ ሌላ ስትሉ ልጅቷ መሀል ላይ ትቀራለች። ስሟን ጠርታችሁ አበረታቱ፣ ይበቃል። ያያችሁትን ስህተት ስልካችሁ ላይ ጻፉትና በቀጣዩ ልምምድ ከላይ ካሉት ማረሚያዎች ጋር አስተያዩት።

ሦስቴ ስታ ወጥታ ከሆነ መኪና ውስጥ ጨዋታውን እሷ ካላነሳች እናንተ አታንሱ። ምን መብላት እንደምትፈልግ ጠይቋት።